አሜሪካ በራሷ ወንዝ፣ አሜሪካ በዓባይ

ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2017 ዓ.ም. ወደ ሥልጣን ከተመለሱ ወዲህ ስለ አሜሪካ ጎረቤቶች የተናገሩት ነገር ብዙ መንግሥታትን አስደንግጧል። ካናዳ 51ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ብትሆን እንደሚሻላት፣ ግሪንላንድ በአሜሪካ እጅ መግባት እንዳለባት፣ የፓናማ ቦይም መመለስ እንዳለበት ደጋግመው ተናገሩ። የሜክሲኮ ሰላጤንም በትእዛዝ «የአሜሪካ ሰላጤ» አሉት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ወደ ዓባይ ዞሩ። የህዳሴ ግድብ በአሜሪካ ገንዘብ እንደተሠራ፣ ይህም ሞኝነት እንደነበረ፣ የግብፅንና የኢትዮጵያን ጉዳይ ግን እሳቸው እንደሚፈቱት አስታወቁ። ከደመወዙ ተቆርጦ ለግድቡ ቦንድ የገዛው የዳንግላ መምህርና የእንጅባራ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ መቆጣቱ አይፈረድበትም።

ቁጣው ተገቢ ቢሆንም ቀጥሎ የሚመጣውን ለመገመት አያስችልም። ብዙዎቻችን ሁለቱን ወሬዎች ለየብቻ ነው የምንሰማቸው፤ አሜሪካ ከጎረቤቶቿ ጋር የገጠመችውን ንትርክ በአንድ ጆሮ፣ የዓባይን ሽምግልና በሌላው። ግን አሜሪካ ራሷ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች አሏት። ከሜክሲኮ ጋር በአንዱ ወንዝ ከላይ፣ በሌላው ከላይም ከታችም ናት። ከካናዳ ጋር ደግሞ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ታችኛዋ አገር ናት። በእነዚህ ወንዞች ላይ ከ100 ዓመት በላይ ያደረገችውን ያየ ሰው በዓባይ ላይ የምታደርገውን በተሻለ ይረዳል። ዋሽንግተን ስለ ውኃ ቋሚ መርህ የላትም። አቋሟን የሚወስኑት በወንዙ ላይ የቆመችበት ቦታና የወቅቱ ጥቅሟ ናቸው። ይህን አውቆ የሚደራደርና ሳያውቅ የሚደራደር አገር አንድ ዓይነት ውል ይዘው አይወጡም።

ዝናቡ የሚወርድበት አገር

ለአዊ ዞን አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። የእንጅባራና የአካባቢዋ ደጋ ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዱ ነው። ያ ዝናብ በሦስት አቅጣጫ ይወርዳል። ከፋግታ ለኮማና ከዳንግላ የሚነሳው ውኃ በኪልቲና በሌሎች ገባሮች በኩል ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይገባል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ያሉት ፈጣምና ዱራ ቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። በምዕራብ፣ በጃዊ ቆላ በኩል ያለው ደግሞ በለስን ይቀላቀላል። ሦስቱም መንገዶች መጨረሻቸው ጉባ ላይ ያለው የህዳሴ ግድብ ነው።

በለስ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የጣናን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ይጥለዋል፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ በታች፣ በጃዊ ሜዳ ላይ፣ ያንኑ ውኃ ለሸንኮራ አገዳ መስኖ ለማዋል ታቅዶ የስኳር ፋብሪካዎች ተጀመሩ። የፋብሪካዎቹ መጓተትና የመስኖው መዘግየት በአገር ውስጥ ብዙ ያነጋገረ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን አንድ ልዩነት ነው። ተርባይን አዙሮ የሚያልፍ ውኃ ወደ ታች ይሄዳል፤ አገዳ የጠጣው ውኃ ግን አይመለስም። በዓለም አቀፍ የውኃ ድርድር ላይ እነዚህ ሁለት አጠቃቀሞች በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የዳንግላው ቆንስላ

የታላላቅ መንግሥታት ዓይን በዚህ ውኃ ላይ ማረፉ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ሦስተኛ አንቀጽ ላይ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያስቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንደማይሠራ የሚል ቃል ገባ። ካይሮ እስከ ዛሬ የምትጠቅሰው ሰነድ ይህ ነው። እንግሊዝ ግን በወረቀቱ ብቻ አልረካችም። ሮበርት ቺዝማን የተባለውን መኮንን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል አድርጋ ዳንግላ ላይ አስቀመጠችው። ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ተቀምጦ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ እየተዘዋወረ ካርታ አነሳ፤ የደረሰበትንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ።

የእንግሊዝ ነጋዴ በሌለበት የደጋ ከተማ ለምን ቆንስላ ይከፈታል? መልሱ ሱዳን ውስጥ ነበር። የጀዚራ የጥጥ እርሻ ውኃ ይፈልጋል፤ ጣና ላይ ግድብ ቢሠራ ያ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ለንደን ይህን ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1925 ከሮም ጋር ደብዳቤ ተለዋወጠች። ጣልያን የጣናን ግድብ ልትደግፍ፣ እንግሊዝ ደግሞ ጣልያን በኢትዮጵያ ምድር የምትፈልገውን የባቡር መስመር ልትደግፍ ተስማሙ። ባለቤቷን አገር የጠየቀ የለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቅርበው ተቃወሙ።

አሜሪካ ወደ ዓባይ የገባችው በዚህ ቀዳዳ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ ኒውዮርክ ልከው ጄ ጂ ዋይት ከተባለ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ አነጋገሩ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር። እንግሊዝ ሱዳንን፣ ጣልያን ኤርትራንና ሶማሊያን ይዘው ዙሪያውን ከበውናል፤ ድንበር የማትጋራን፣ ቅኝ ግዛት በአካባቢው የሌላትን ሩቅ ኃያል በመካከል ማስገባት ይበጃል። የኩባንያው ባለሙያዎች ጣና ድረስ መጥተው አጠኑ። ግድቡ ሳይሠራ የፋሽስት ወረራ ደረሰ።

እዚህ ላይ ሁለቱን የሰሜን አሜሪካ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ዋሽንግተን በወረራው ጊዜ በገለልተኛነት ሕጓ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ክልከላው የጎዳው ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ነው። የጣልያንን ግዛት ግን ሕጋዊ ብላ አልተቀበለችም። ሜክሲኮም አልተቀበለችም፤ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አጥብቃ በመቃወሟ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ተሰይሞላታል። ሜክሲኮ ያን ያህል የተቆረቆረችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1848 ከሽንፈት በኋላ በተፈረመ ውል ዛሬ ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳና ዩታ የሚባሉትን አገሮችና አብዛኛውን አሪዞና ለሰሜናዊ ጎረቤቷ አስረክባለች። ለእኛ ሩቅና ንጹሕ የመሰለችው አሜሪካ ለሜክሲኮ የቅርብ ኃያል ነበረች።

የዓባይ ጥናት እንዴት መጣ?

ከድል በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ያንኑ ስልት በሰፊው ገፉበት። ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነስተው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ ያጀባቸው የእንግሊዝ ጦር ነው። በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር መቆየትን ግን አልፈለጉም። በየካቲት 1937 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በስዊዝ ቦይ መሐል ባለው መራራ ሐይቅ፣ በጦር መርከብ ላይ ተገናኙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር ተቋቋመ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. የተፈረመው የወታደራዊ ስምምነት ደግሞ አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን እንድትይዝ፣ በምላሹም የኢትዮጵያን ጦር እንድታሠለጥንና እንድታስታጥቅ አደረገ።

የዓባይ ጥናት የተወለደው ከዚህ ወዳጅነት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1956 አሜሪካ ለግብፁ አስዋን ግድብ ልትሰጥ ቃል የገባችውን ገንዘብ ከለከለች። ጋማል አብደል ናስር በሳምንቱ የስዊዝን ቦይ ወረሰ፤ ግድቡንም በሶቪየት ኅብረት ገንዘብና ባለሙያ መሥራት ያዘ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካና ኢትዮጵያ የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ለማጥናት ተስማሙ። የአሜሪካን ምዕራብ በግድብ የሞላው ቢሮ ኦቭ ሪክላሜሽን የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎቹን ላከ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 ቆይቶ በ17 ጥራዝ ተጠናቀቀ፤ 33 የመስኖና የኃይል ፕሮጀክቶችንም ለየ። ከነዚህ መካከል ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ዛሬ የህዳሴ ግድብ ባለበት አካባቢ የታሰበው የድንበር ግድብ ይገኙበታል። ለአዊ ቅርብ የሆኑት የላይኛው በለስና የአዘና ፈጣም ፕሮጀክቶችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ጥናቱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ኢትዮጵያ ስለ ራሷ ወንዝ በቁጥር መናገር የቻለችው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን ያጠናው አገር ለመገንባት ገንዘብ አልዘረጋም። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ብለው ውኃውን ለሁለት ሲካፈሉ ኢትዮጵያን አልጋበዙም፤ አሜሪካም ጉዳዩን የራሷ አድርጋ አልተሟገተችም። ከ33ቱ ቶሎ እውን የሆነው ፊንጫ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ለአሥርተ ዓመታት ወረቀት ላይ ቆዩ። በናስር ላይ ጫና ማሳደሪያ ሆኖ የተጀመረ ነገር ጫናው ሳያስፈልግ ሲቀር ቀዘቀዘ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የቃኘውን ጣቢያ ዘጋ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግብፅ ከእስራኤል ጋር ታረቀችና የአሜሪካ ዋነኛ የዓረብ ወዳጅ ሆነች። ቦታ ተለዋወጥን ማለት ነው።

አሜሪካ ከላይም ከታችም ስትሆን

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የኮሎራዶና የኒው ሜክሲኮ ገበሬዎች የሪዮ ግራንዴን ውኃ ወደ እርሻቸው ሲጠልፉ ወንዙ የሜክሲኮ ከተማ የሆነችው ሲውዳድ ኋሬዝ ሳይደርስ ይደርቅ ጀመር። ሜክሲኮ ለዘመናት ስንጠቀምበት የኖርነው ውኃ ተወሰደብን ብላ አቤት አለች። የአሜሪካው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጀድሰን ሃርመን እ.ኤ.አ. በ1895 የሰጠው መልስ በዓለም የውኃ ሕግ ታሪክ ውስጥ በስሙ ይጠራል። አንድ አገር በግዛቱ ውስጥ ባለ ውኃ ላይ ፍጹም ሥልጣን አለው፤ ለታችኛው ጎረቤት በሕግ የሚገደድበት ነገር የለም አለ። ካይሮ «ታሪካዊ መብት» ብላ የምታነሳውን ክርክር ያኔ ያነሳችው ሜክሲኮ ነበረች፤ ያንን ክርክር የጣለችውም አሜሪካ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1906 ሁለቱ ተዋዋሉ። አሜሪካ በዓመት 74 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ለመስጠት ተስማማች፤ ይህን የማደርገው ሜክሲኮ መብት ስላላት አይደለም የሚል ቃልም በውሉ ውስጥ አስገባች።

ትልቁ ውል እ.ኤ.አ. የ1944ቱ ነው። አሜሪካ ከኮሎራዶ ወንዝ በዓመት 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለሜክሲኮ ትለቃለች፤ ሜክሲኮ በበኩሏ ከግዛቷ ወደ ሪዮ ግራንዴ ከሚገቡ ገባሮች በ5 ዓመት 2.16 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ለቴክሳስ ታደርሳለች። በውሉ ውስጥ አስተውሎ ማንበብ የሚገባ አንቀጽ አለ። ከባድ ድርቅ ሲመጣ ለሜክሲኮ የሚሄደው የኮሎራዶ ውኃ በአሜሪካ ውስጥ አጠቃቀሙ በቀነሰበት መጠን ይቀንሳል። ድርቁን ሁለቱም ይካፈሉታል ማለት ነው። ላይኛው አገር ከራሱ ጎተራ አውጥቶ የታችኛውን ኮታ ይሙላ የሚል ነገር የለበትም።

ውል መፈረም ግን ነገሩን አይጨርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከአሪዞና እርሻዎች የታጠበ ጨዋማ ውኃ ኮሎራዶ ውስጥ ገብቶ የመሒካሊ ሸለቆን ሰብል አበላሸ። መጠኑ እንደ ውሉ ነው፤ ጥራቱን ግን ውሉ አልጠቀሰውም ብላ ዋሽንግተን ተከራከረች። መፍትሔ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ለኃያል ላይኛ አገር ዝም ያለ አንቀጽ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገዛ ከዚህ ይታያል።

ካናዳ ላይ ደግሞ አሜሪካ ታችኛዋ ናት፤ ቋንቋዋም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ተፈርሞ፣ የዓባይ ጥናት ባለቀበት በ1964 ሥራ ላይ በዋለው የኮሎምቢያ ወንዝ ውል መሠረት ካናዳ ከላይ ግድቦች ሠርታ ውኃውን ትይዛለች፤ አሜሪካ ከጎርፍ ትድናለች፣ ግድቦቿም ተጨማሪ ኃይል ያመነጫሉ። ለዚህ አሜሪካ ከፍላለች። ለጎርፍ መከላከያው ገንዘብ ሰጠች፤ ከተገኘው ተጨማሪ ኃይል ደግሞ ግማሹ ለካናዳ እንዲሆን ተስማማች። ላይኛው አገር ፍሰቱን በማስተካከሉ ታችኛው ከተጠቀመ ዋጋ ይከፍላል የሚለው መርህ የተጻፈው በዋሽንግተን ፊርማ ነው።

የቅርቡን ጊዜም እንይ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለቲሁዋና ከተማ ከኮሎራዶ ተጨማሪ ውኃ እንዲላክ ሜክሲኮ ያቀረበችውን ልዩ ጥያቄ አልቀበልም አለች፤ ከ1944ቱ ውል ወዲህ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ውድቅ ሲደረግ የመጀመሪያው መሆኑን ራሷ አስታወቀች። በሚያዝያ ትራምፕ ሜክሲኮ የቴክሳስን ውኃ እየሰረቀች ነው ብለው በቀረጥ አስፈራሩ። ሜክሲኮ በርግጥ ውዝፍ ነበረባት። ግን ውዝፉ የተጠየቀበት መንገድ በውሉ የተቋቋመው የድንበርና የውኃ ኮሚሽን ብቻ አልነበረም፤ የንግድ ዱላም ተነስቷል። ከካናዳ ጋር ይካሄድ የነበረው የኮሎምቢያ ውል እድሳት ድርድርም በዚያው ወቅት ቆመ።

ዋሽንግተን ላይ የሆነው

አሁን በህዳሴ ግድብ ላይ የተካሄደውን የ2012ቱን ድርድር በዚህ መነጽር መመልከት ይቻላል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ወደ ዋሽንግተን ሲጠሩ አሜሪካና የዓለም ባንክ ታዛቢ ነበሩ። ጉዳዩን የያዘው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አልነበረም፤ በስቲቭን ምኑቺን የሚመራው ግምጃ ቤት ነው። ታዛቢው ቆይቶ አደራዳሪ፣ ከዚያም ውል አርቃቂ ሆነ። የካቲት ላይ ኢትዮጵያ ለመጨረሻው ስብሰባ አልሄደችም፤ ግብፅ ብቻዋን ፈረመች። ግምጃ ቤቱም ያለ ስምምነት ግድቡ መሞላት የለበትም የሚል መግለጫ አወጣ።

የጠቡ ማዕከል የአሞላሉ ፍጥነት ይመስል ነበር፤ እውነተኛው ነጥብ ግን ድርቅ ነው። ረቂቁ በድርቅና በተራዘመ ድርቅ ዓመታት ኢትዮጵያ ከግድቡ ክምችት እንድትለቅ ይጠይቃል። ይህ በወጉ ሲታይ ስለ አንድ ግድብ አሠራር ብቻ አይደለም። ወደ ታች የሚያልፈው ውኃ ከተወሰነ ልክ እንዳያንስ ከተገደድን ከግድቡ በላይ ያለ ማንኛውም መስኖ ከዚያ ልክ ላይ የሚቀነስ ይሆናል። የጃዊ አገዳ፣ በግልገል ዓባይ ገባሮች ላይ የሚጠለፍ ውኃ፣ ነገ በፈጣም ላይ የሚሠራ ግድብ ሁሉ እዳ ሆኖ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ረቂቁ እ.ኤ.አ. የ1959ኙን ኮታ በጓሮ በር ያስገባል ያለችው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ግብፅ የምትፈራው ነገርም አለ፤ እሱን መካድ ጠንቃቃ ሙግት አይደለም። የመጠጥና የእርሻ ውኃዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከናይል ነው፤ የረዥም ድርቅ ዓመታት አንድ ቀን ይመጣሉ። ልዩነቱ ፍርሃቱን ለማቃለል በሚመረጠው መንገድ ላይ ነው። አሜሪካ ለራሷ ድርቅን በመጠን መካፈልን፣ ለእኛ ደግሞ ከክምችት መልቀቅን መረጠች።

ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያስታውሰዋል። ግድቡ በሐምሌ 2012 መሞላት ሲጀምር አሜሪካ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ አዘገየች፤ ጥቅምት 2013 ላይ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች እስከማለት ደረሱ። የባይደን አስተዳደር የእርዳታውን ጉዳይ ከግድቡ ነጠለው፤ በትግራይ ጦርነት ምክንያት ግን ሌላ ቅጣት ተከትሎ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ቀረጥ አልባ የንግድ ዕድል ተሰረዘች። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ዱላውና ስንቁ

ዋሽንግተን ዛሬ በእኛ ላይ ምን መሣሪያ አላት? የልማት እርዳታው መሣሪያነት ቀንሷል። የአሜሪካ ተራድዖ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ፈርሷል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ የቀረው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተዛውሯል። ይህ ለአዊም ትርጉም አለው። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሽታ ቀበሌ ውስጥ በዚህ ድርጅት ገንዘብ፣ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ መሪነት፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ተቋም ጋር የአነስተኛ መስኖ ምርምር ተካሂዷል። ገበሬዎች በጓሮ ከቆፈሩት ጉድጓድ በገመድ ፓምፕ ውኃ እያወጡ በበጋ ሽንኩርትና የከብት መኖ ሲያለሙ ተመራማሪዎቹ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍታ እየለኩ ስንት ሊወጣ እንደሚችል ያሰሉ ነበር። ከሜክሲኮ ውኃ ይገባኛል ብላ የምትሟገተው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳንግላ ጉድጓድ ላይ ያፈራው እውቀት በጎ ነው፤ ለመስኖ እቅድ የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ ልኬት ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ የሚመጣ ወዳጅነት ግን ከእንግዲህ የሚጠበቅ አይደለም።

የቀሩት መሣሪያዎች ከባዶቹ ናቸው። በዓለም የገንዘብ ድርጅት ውስጥ ትልቁ ድምፅ የአሜሪካ ነው፤ ኢትዮጵያም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከድርጅቱ ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር መርሐ ግብር ላይ ናት። የዓለም ባንክ ደግሞ በድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ፕሮጀክት ከማበደሩ በፊት ሌሎቹ የተፋሰሱ አገሮች እንዲያውቁት ያደርጋል፤ ተቃውሞ ሲነሳም ብድሩ በቀላሉ አይለቀቅም። የህዳሴ ግድብ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትልልቅ የመስኖ ግድቦችን ግን ሁልጊዜ በቦንድ መሥራት አይቻልም።

በሌላው ሚዛን ላይ ግብፅ አለች። በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ ከእገዳው ነጻ የተደረገው ወታደራዊ እርዳታ የእስራኤልና የግብፅ ነበር። በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የሚሄደው ለጋዛ ድንበር፣ ለስዊዝ ቦይ፣ ለእስራኤል ሰላም ነው። ዓባይ በዚህ ስሌት ውስጥ ለካይሮ የሚከፈል ተጨማሪ ሒሳብ ሊሆን ይችላል። አደራዳሪው ገለልተኛ ስላልሆነ ብቻ አይናገር ማለቴ አይደለም፤ አዳራሹን ያዘጋጅ፣ ውሉን ግን አያርቅቅ።

ምን ሊመጣ ይችላል?

በእኔ ግምት በቅርብ ዓመታት ዕድሉ ሰፊ የሆነው ሁኔታ ያለ ውል መቀጠል ነው። ግድቡ ይሠራል፣ ግብፅ ትከሳለች፣ አሜሪካ ጋዛ ወይም ቀይ ባሕር ሲያስቸግራት ጉዳዩን ታነሳለች፣ ሲቀልላት ትተወዋለች። ለኢትዮጵያ ይህ የማይጎዳ ይመስላል፤ ጊዜ ከሠሪው ጋር ነውና። ግን አደጋም አለበት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲነሳ ጣት የተቀሰረው ወደ ግድቡ ነበር። የሱዳን ጦርነት ባለበት ሁኔታ የውኃ መልቀቂያ መረጃ በየቀኑ የሚለዋወጥበት የታወቀ ሥርዓት ከሌለ እያንዳንዱ ክረምት አዲስ ክስ ይወልዳል።

ሁለተኛው መንገድ ጫና ነው። ትራምፕ የሰላም ውል ያስፈረምኩ ለመባል ካላቸው ፍላጎት ጋር ሲታይ የብድርና የቀይ ባሕር ጉዳዮች ተደርበው አንድ ወረቀት ሊቀርብ ይችላል። የኢትዮጵያ የባሕር በር ጥያቄ ከውኃ ጋር ተጣምሮ ከቀረበ ፈተናው ከባድ ይሆናል። ባሕር ተገኘ ተብሎ በድርቅ አንቀጽ ላይ ዝም ብሎ መፈረም የማይመለስ ስህተት ነው፤ ወደብ በኪራይም በስምምነትም ሊለወጥ ይችላል፣ በውል የታሰረ ፍሰት ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ሦስተኛው፣ ለሁሉም የሚበጀው ነገር ግን ብዙ ሥራ የሚጠይቀው፣ ጠባብ የሆነ የመረጃና የአሠራር ስምምነት ነው። ግድቡ ስንት እንደያዘ፣ ስንት እንደሚለቅ፣ የሱዳኑ ሮሰይረስ ግድብ መቼ መዘጋጀት እንዳለበት የሚወስን ቋሚ ኮሚሽን ያስፈልጋል። አሜሪካና ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ በጋራ ኮሚሽን ይሠራሉ፤ የጠብ ብዛታቸው ሳይቀንስ ውኃቸው የሚፈሰው በእሱ ምክንያት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ለእንዲህ ያለ ኮሚሽን መሠረት ይሆናል፤ ግብፅና ሱዳን ግን አባል አይደሉም።

የአሜሪካን ውሎች ለክርክር ስናወጣ አንድ ጥንቃቄ አለ። የ1944ቱ ውል በድርቅ ጊዜ መካፈልን ቢደነግግም ለታችኛዋ አገር በቁጥር የተወሰነ ውኃ ይሰጣል፤ ካይሮም ይህን ልታነሳ ትችላለች። መልሱ አሜሪካ ያን ቁጥር ከመጻፏ በፊት ያደረገችውን ማስታወስ ነው። ሁቨርን የመሰሉ ግድቦቿን ሠርታ፣ ግዛቶቿ የየድርሻቸውን ተካፍለው፣ የራሷን ፍላጎት አውቃ ነው የተፈራረመችው። እኛ የራሳችንን ቁጥር ገና አልጻፍንም። በለስ ስንት ሄክታር ያለማል? ግልገል ዓባይ ስንት? ፈጣምና ዱራ ስንት? በዓለም አቀፍ ሙግት ላይ ነባር አጠቃቀም ክብደት አለው፤ ያልለማ መሬት ደካማ ጠበቃ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት በዚህ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይነገርም እንጂ ትልቅ ነው። መንገድ ሲዘጋ የወንዝ መለኪያ የሚያነብ ሰው ወደ ጣቢያው አይሄድም፤ የመስኖ መሐንዲስ ጃዊ አይወርድም፤ የጠፋ የአንድ ክረምት ንባብ ደግሞ በኋላ በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የባሕር ዳርና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሚከተለውን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። የ1964ቱ ጥናት 17 ጥራዝ አዊን በሚመለከተው ክፍሉ ከአዲስ ልኬት ጋር ተነጻጽሮ በአማርኛና በአውኛ ይውጣ፤ የ1944ቱና የኮሎምቢያው ውልም ከነትንታኔያቸው ይታተሙ። ቀጣዩ ረቂቅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት የድርቅ አንቀጹ ለሕዝብ ይነበብ።